አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

፩

እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ላይ፣ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች በአንዲቱ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ስሠራ፣ በአንዲት ታካሚ መዝገብ ላይ «ድመት ቧጨራት» ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት ነበር። ሐኪም በመዝገብ ላይ ዐውቆ ሐሰት ሲጽፍ ምን ማለት እንደ ሆነ የሙያ ጓደኞቼ አይጠፋቸውም። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ከራሴ ጥፋት የተነሣሁት፣ የሌላውን ጥፋት እዘረዝር ዘንድ መብት እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

ልጅቱ የወሎ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይዘልም። ያመጣት የአሠሪዎቿ ሾፌር ፓኪስታናዊ ስለ ነበረ፣ በእርሱ ፊት በአማርኛ እንደ ልባችን መነጋገር ቻልን። ከግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ጀምረው እስከ አንጓዋ የወረዱ አራት ጥልቅ ጭረቶች ነበሩ። ቁስሉን ሳጥብ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ የድመት ጥፍር ይህን ያህል አይራራቅም።

«ምን ነካሽ እኅቴ?» አልኋት።

«ድመት ነው» አለች።

«ድመቱ ምን ያህል ያህላል?»

ሾፌሩን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ቆየት ብላ፣ «አቦ ሸማኔ ነው ጋሼ» አለችኝ። «አምና ሁለት ሆነው በካርቶን መጡ። አንዷ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ይኼኛውን በጡጦ አሳደግኩት። ማታ ማታ እንደ ወፍ ነው የሚጮኸው፣ ሰው አያምንም። አሁን የኋላ እግሮቹ ተጣመውበት ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ዛሬም ሥጋውን ስሰጠው ነው እንጂ አስቦ አልቧጨረኝም።»

የሚበላውን ጠየቅኋት። የዶሮ ሥጋ፣ አጥንቱ እየወጣ፤ ጌትዮው ልጆቹ በአጥንት እንዳይጫወቱ ስለማይፈልግ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አጥንት ያጣ ግልገል ካልሲየም ያጣል፤ ካልሲየም ያጣ ግልገል አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ ይሰበራል። በሰው ልጅ ላይ ሪኬትስ የምንለው ሕመም ቅርብ ዘመድ ነው። ያ ግልገል ያለ አንድ ዱላ፣ በእንክብካቤ ብዛት እየተሰበረ ነበር።

ቁስሏን አጽድቼ መድኃኒቱን ጻፍሁላት፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም ጀመርሁላት። ከዚያ ቅጹ መጣ፤ «ጉዳቱን ያደረሰው እንስሳ ዓይነት» የሚል መስመር አለበት። በዚያች አገር አውሬ በቤት ማኖርን የሚከለክል ሕግ ጸንቶ ነበር። ብዕሬን ሳነሣ ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። «አቦ ሸማኔ ብለው ከጻፉ ፖሊስ ይመጣል። ፖሊስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእኔ ወረቀት ነው። ኢቃማ የለኝም። በጉብኝት ቪዛ ነው የገባሁት።»

እኔም «ድመት» ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛውን ክትባት መጥታ ወሰደች። ለሦስተኛው አልመጣችም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስልክ የሾፌሩ ነበር፤ ብደውል፣ ብደውል አይነሣም።

፪

የዱር እንስሳን በቤት ማኖርን የሚከለክል ሕግ ጠፍቶ አይደለም። እንዲያውም ወረቀቱን ለሚቆጥር ሰው ሕጉ ተትረፍርፏል።

በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው፣ በአጭሩ ሳይተስ ተብሎ የሚጠራው ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ። አቦ ሸማኔ ያን ጊዜ አንሥቶ በአባሪ አንድ ውስጥ ነው፤ ይህም ማለት ከዱር ተይዞ ለንግድ ድንበር ሊያልፍ ፈጽሞ አይችልም ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ1989 የስምምነቱ አባል ሆነች። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ1990፣ ሳዑዲ ዐረቢያ በ1996፣ ቀጠር በ2001፣ ኩዌት በ2002 ገቡ። ሻጩም፣ አሻጋሪውም፣ ገዢውም የሚኖሩባቸው መንግሥታት ፊርማ በአንድ መዝገብ ላይ ተሰልፎ ይታያል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ የተገኘን ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጫ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ኤምሬቶች በበኩላቸው በ2016 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22ን አውጥተው፣ አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝን ከለከሉ፤ የመያዝ ፈቃድ ለአራዊት ማቆያዎች፣ ለምርምርና ለመሰል ተቋማት ብቻ ተወሰነ። አውሬውን ይዞ ወደ አደባባይ የወጣ ሰው እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 500,000 ድርሃም መቀጫ ይጠብቀዋል። ሕጉ ካለ አንስቶ የቅንጦት መኪና መስኮት ላይ አንገቱን አስግጎ የሚሄድ አቦ ሸማኔ በጎዳና ላይ እየቀነሰ መጣ ይላሉ። እኔም እላለሁ፤ ከጎዳናው ገባና በሩ ተዘጋበት።

የሕጉን ስያሜም ልብ በሉልኝ፤ «አደገኛ እንስሳት» ይላል። አቦ ሸማኔ በዱር ሰውን አድኖ የማይበላ፣ ጅብ ሲመጣበት የገደለውን ጥሎ የሚሸሽ ፈሪ እንስሳ ነው። ከአዳኝ አራዊት ሁሉ ለሰው ገር የሆነው እርሱ ስለ ሆነ ነው መጫወቻ የሆነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አደገኛው ማን እንደ ሆነ ስያሜው ገና ከመነሻው አሳስቶታል።

፫

መንገዱን ከመነሻው ልከተለው።

በሶማሌ ክልል ቆላ አንድ አርብቶ አደር ሁለት ፍየሎች ተበልተውበት አድሯል። ለሁለቱ ፍየሎች ካሣ የሚከፍለው መንግሥት የለም። እናቲቱ ለአደን ስትሄድ ግልገሎቿን በቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ነው፤ ያገኛቸዋል። ድሮ ቢሆን ይገድላቸው ነበር፤ አሁን ግን ገዢ እንዳለ ሰምቷል። የሚያገኘው ገንዘብ የፍየሎቹን ዋጋ ቢያካክስ ነው። ከዚያ ደላላው ተረክቦ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወይም በሌላ ባዶ ድንበር ወደ ሶማሌላንድ፣ ከዚያም ከበርበራና ከአካባቢው ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ባሕረ ሰላጤው ቤቶች ያሻግረዋል። በመጨረሻው በር ላይ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ይሆናል።

ናሚቢያ ውስጥ በ1990 የተመሠረተውና በሶማሌላንድ የተያዙ ግልገሎችን የሚንከባከበው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እንደሚገምተው፣ በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከአፍሪካ ቀንድ የሚወጡት ግልገሎች 300 ገደማ ናቸው። በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦ ሸማኔዎች 7,100 ያህል ተብለው ተገምተው ነበር፤ ከእነዚህ በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙት በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። ሂሳቡን ለመሥራት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ይህን ያህል ደም በየዓመቱ የሚፈስሰው በሽተኛ ምን ያህል ይቆያል?

ታዲያ በዚህ ረጅም ሰንሰለት ላይ የሕግ እጅ የት ላይ ያርፋል? በሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሰዎች ግልገሎች ሲያሻግሩ ተይዘው ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ያን ጊዜ ዓለም መንግሥት ብሎ ያላወቃት፣ ካዝናዋ ባዶ የሆነች አገር ይህን ማድረጓ የሚያስመሰግናት ነው፤ እኔም አመሰግናታለሁ። ነገር ግን እኔ በሠራሁባት ባለጠጋ ከተማ፣ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ግልገል ገዝቶ በማሳደጉ ወኅኒ የወረደ አንድ ባለ ቤት ስም ሰምቼ አላውቅም። አርብቶ አደሩ ይታሰራል። ሾፌሩ ይታሰራል። ጀልባው ይወረሳል። ግልገሉ ራሱ ይወረሳል። ቅን ያልሆነ ሰው ገንዘብ ያወጣለት፣ ፎቶ የተነሣበት፣ ልጆቹን ያጫወተበት ያ ሰው ግን «እንስሳውን በፈቃዱ አስረከበ» ተብሎ ይመሰገናል። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለዚህ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሌባ የሰረቀውን የሚሸጠው ገዢ ስላለ ነው። እኛ ሐኪሞች ትኩሳቱን በበረዶ እያቀዘቀዝን ሳምባ ውስጥ ያለውን መግል ብንተወው፣ በሽተኛው ቀዝቅዞ ይሞታል።

፬

በዚህ ነገር ላይ ስናገር የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ባህላችን ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዐረብ ምድርና በህንድ ነገሥታት በአቦ ሸማኔ አድነዋል። የሞጉሉ ንጉሥ አክባር አንድ ሺህ ያህል አቦ ሸማኔዎች እንደ ነበሩት ልጁ ጃሃንጊር ጽፏል። ከዚያ ሁሉ መንጋ በግቢው ውስጥ የተወለዱት የአንዲት እናት ግልገሎች ብቻ እንደ ነበሩም የጻፈው እርሱ ነው። በዘመናችን አቦ ሸማኔ በሰው እጅ ሥር ስትወልድ የታየው በ1956 በፊላደልፊያ የአራዊት ማቆያ ነው። ይህ ለነገራችን ትልቅ ትርጉም አለው። ውሻ በቤት ይወልዳል፤ ግመል በበረት ይወልዳል። አቦ ሸማኔ ግን በታወቁ ባለሙያዎች እጅ እንኳ በመከራ የምትወልድ ናት። እንግዲህ በአንድ ሀብታም ሰው ሳሎን ምንጣፍ ላይ የተኛ ግልገል «እዚሁ የተወለደ ነው» ሲባል ከመስማማታችን በፊት እናቱን አሳዩን እንበል። እናቱ የለችም። እናቱ በቆላው ቁጥቋጦ ዙሪያ ስትጣራ ቀርታለች።

የባህሉ ክርክር እኛንም ይነካናል፤ ስለዚህ ወደ ሌላው ጣት ከመቀሰራችን በፊት ወደ ቤታችን እንመልከት። በቤተ መንግሥታችን አንበሳና አቦ ሸማኔ በሰንሰለት ሲንሸራሸሩ ለእንግዳ መንግሥታት ክብራችን አድርገን አሳይተናል። በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ከ1948 ጀምሮ በልጅነታችን ሁላችንም ተሰልፈን አይተናል፤ አንበሳው በጠባብ አጥር ውስጥ ሲሽከረከር ማዘን እንዳለብን የነገረን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ በጎዴ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች በገመድ ታስረው ለደንበኛ መዝናኛ ሲሆኑ ተገኙ። በዚያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮችና አንድ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ለዓለም አሰሙ፤ ግልገሎቹም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ወዴት? ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት። ከምግብ ቤት ገመድ ወደ ቤተ መንግሥት አጥር። ያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረምና አመጪዎቹን አልወቅስም። ነገር ግን ሕግ አውጪው ራሱ በግቢው አውሬ አስሮ፣ የጎዴውን ባለ ምግብ ቤት «ለምን አሰርህ?» ሲለው ቃሉ ክብደት አይኖረውም።

በስደት ያለን ሰዎችስ? ከዋሽንግተን እስከ ለንደን በየምግብ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከአንበሳቸው ጋር የተነሡት ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ይውረድ አልልም፤ ታሪክ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ግን ታሪክ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ጎረምሳ ግልገሉን በወርቅ ቀለም መኪና ላይ አስቀምጦ ሲያሳየን በልብ ምልክት የምናጨበጭብለት እኛው ነን። ገዢው የሚገዛው ለመታየት ነው፤ የሚያየው እስካለ ድረስ ይገዛል።

ሁለተኛው ክርክር ከምኖርበት ከአሜሪካ የሚመጣ ነው፤ «በገዛ ግቢዬ ያለ ንብረቴ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው?» ይላል። ለዚህ መልሱን ራሷ አሜሪካ በከባድ ዋጋ ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በኦሃዮ ግዛት፣ በዛንስቪል ከተማ አጠገብ፣ አንድ ሰው በግቢው ያጎራቸውን ከ50 የሚበልጡ አውሬዎች ለቅቆ ራሱን ገደለ። መሽቶ ነበርና ፖሊሶች ሌላ መላ አጡ፤ 49ኙን ተኩሰው ገደሉ። ከሞቱት 18ቱ ታይገሮች፣ 17ቱ አንበሶች ነበሩ። ከዚያ በፊት በኦሃዮ አውሬ በቤት ማኖርን የሚገታ ይህ ነው የሚባል ሕግ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 2022 ቆይቶ አንበሳ፣ ታይገር፣ ነብር፣ አቦ ሸማኔና መሰሎቻቸውን በግል መያዝን ከለከለ። ቀድሞ የያዙትም ሰዎች እስከ ሰኔ 18 ቀን 2023 ድረስ ቀርበው እንዲያስመዘግቡ፣ አዲስ እንዳይገዙ፣ እንዳያራቡ፣ ሕዝብ እንዲነካቸው እንዳያደርጉ አዘዘ። ዘግይቷል፤ ነገር ግን አንድ ትክክል ነገር ሠርቷል። ባለ ቤቱን በስሙ ጠርቶታል። ዳውላውን ትቶ አህያውን ይዟል።

በ2003 የሆነውንም ላስታውስ። ከጋና የመጡ አይጠ መጎጥ መሰል እንስሳት በአንድ ነጋዴ ዘንድ ከአሜሪካ የሜዳ ፍልፈሎች ጋር አብረው ታጎሩ፤ ፍልፈሎቹ ለልጆች መጫወቻ ተሸጡ፤ በስድስት ግዛቶች 47 ሰዎች በዝንጀሮ ፈንጣጣ ታመሙ፣ ወይም ሳይታመሙ አልቀሩም ተባለ። ማንም አልሞተም። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አይጥ ዝርያዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ታገደ፤ ወራት አልፈጀም። ሕግ መሮጥ እንደሚችል ከዚህ ተማርሁ። የሚሮጠው በሽታው የባለቤቱን ደጅ ሲያንኳኳ ነው። የጂጂጋ ቆላ ሲራቆት ግን ያነክሳል።

ሦስተኛውና ልቤን የሚነካው ክርክር የወገኖቼ ነው። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን፣ ዶክተር፣ ስለ አውሬ ትጽፋለህ?» ይሉኛል። ይህን የሚለኝ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሐዘኑ ነው የሚናገረው። መልሴ ግን ያቺ ልጅ ናት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ዜጎቿ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ አገደች። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ ልጆቻችን እየተደበደቡ፣ ከፎቅ እየወደቁ፣ በሣጥን እየተመለሱ ነበርና። ዕገዳው እስከ 2018 መጀመሪያ ቆየ። ልጆቹ ቀሩ? አልቀሩም። ደላላው ዋጋውን ጨመረ፤ መንገዱ ከቦሌ ወደ በረሃና ወደ ባሕር ዞረ፤ የሥራ ውል የነበራት የጉብኝት ቪዛ ያዛት። ቪዛዋ ሲያልቅ ሕገ ወጥ የሆነችው እርሷ ናት፤ ደላላውም አሠሪውም አይደሉም። ልጅቱ የክንዷን ቁስል ይዛ «ድመት ነው» ያለችኝ በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ግልገሉ በጨለማ ቤት እግሩ እየተጣመመ ያደገውም በሌላኛው ሕግ አፈጻጸም ምክንያት ነው። ሁለቱ ሕጎች ቅን አሳብ ነበራቸው፤ ሁለቱም ግን የገዢውን በር አልነኩም። አውሬውን የሚያሻግረው መንገድ፣ ሴት ልጃችንንም የሚያሻግረው ያው የድንበርና የባሕር መንገድ ነው። ስለ አንዱ ዝም ያለ ስለ ሌላው መናገር ይቸግረዋል።

፭

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተቃውሞ ብቻ ጽፎ መሄድ የስደት ጸሐፊ ልማድ ሆኗልና፣ እኔ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቅጣቱ ከላይ ይጀምር። በግል ቤት አቦ ሸማኔ ከተገኘ፣ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ያለበት ባለ ቤቱ ይሁን። በገዛ እጁ ለዓለም ያሠራጨው ፎቶግራፍ ማስረጃ ሆኖ ይቅረብበት። እንስሳውን አስረክቦ በምስጋና መሄድ ይቅር። የሰረቀውን ላም የመለሰ ሌባ ሽልማት ሲሰጠው አላየንም።

ሁለተኛ፣ ምስክር አይነካ። የቤት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ፣ አትክልተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፤ በዚያ ቤት ውስጥ አውሬ እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ምስክር የለም። የሚጠቁም ሰው «ኢቃማህን አምጣ» የማይባልበት፣ ከፊሉ ሊያባርረው የማይችልበት ዋስትና በሕግ ይጻፍለት። ይህ እስካልሆነ ድረስ ሕጉ ለባለ ጸጋው የታጠረ አጥር ነው፤ ደካሞቹ ምስክሮቹ በዘብነት ይጠብቁለታል፤ ፍርሃታቸው ደመወዛቸው ነው። የኤምባሲዎቻችን ጉዳይ አስፈጻሚዎችም ይህን ጥያቄ በሥራ ስምምነቶች ድርድር ላይ ያንሡት። ስለ ደመወዝ ወለል ሲነጋገሩ፣ በአንዲት የቤት ሠራተኛ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አውሬ መመገብ እንደሌለበትም ያጽፉ።

ሦስተኛ፣ ለአርብቶ አደሩ የፍየሉ ዋጋ ይከፈለው። ግልገል ከሚሸጥ ይልቅ ግልገል ቢጠብቅ የሚጠቀምበት መንገድ ይፈለግለት። በባዶ ሆዱ እንዲጠብቅልን የምንሰብከው ሰው ስብከታችንን ሰምቶ ዝም ይላል፤ ማታ ግን ስልኩን ያነሣል።

አራተኛ፣ የተወረሰ እንስሳ ማረፊያ ያግኝ። አቦ ሸማኔ ከእናቱ ጋር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ኖሮ አደን ይማራል፤ በጡጦ ያደገ ግልገል ወደ ዱር ቢለቀቅ በረኀብ ይሞታል። ስለዚህ መውረስ ብቻውን ማዳን አይደለም። በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ አለ፤ በሶማሌላንድም የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ማቆያ አለ። የእነዚህን ወጪ መሸከም የሚገባው ማን ነው? ገዢው ነው። ከአምስት መቶ ሺህ ድርሃም መቀጫ ጥቂቱ ባሕሩን ተሻግሮ እንስሳው ወደ መጣበት ምድር ቢመለስ ፍትሕ እንጂ ምጽዋት አይባልም።

ይህ ሁሉ የመንግሥታት ሥራ ነው፤ የእኛም ድርሻ አለ። በባሕረ ሰላጤው የምትኖሩ ወገኖች፣ በየቤቱ የምታዩትን ታውቃላችሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለን ደግሞ ስም ሳንደብቅ መጻፍ እንችላለን፤ ፓስፖርታችንን የሚነጥቀን ከፊል የለብንም። እነዚያ የማይችሉትን እኛ ካላደረግነው፣ ነፃነታችን ምን ጠቀመ?

፮

ያን ክሊኒክ ከለቀቅሁ ዓመታት አለፉ። ያደረግሁትን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። «አቦ ሸማኔ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ልጅቱ ወደ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ ትሄድ ነበር፤ ግልገሉም ወይ ይወሰዳል፣ ወይ ከፖሊስ በፊት በሌላ ካርቶን ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ባለ ቤቱ አንድ ስልክ ደውሎ ይገላገላል። «ድመት» ብዬ በመጻፌ ደግሞ ልጅቱም ግልገሉም እዚያው ቤት ቀሩ። እኔም እንደ ሕጉ፣ የምፈራውን አህያ ትቼ በዳውላው ላይ ጻፍሁ። ልጅቱን አዳንሁ ብዬ ለመጽናናት ደግሞ ሦስተኛው ክትባት ይከለክለኛል።

መልካም ሕግ ማለት አንድ ተራ ሐኪም እውነቱን ጽፎ ታካሚውን የማይጎዳበት ሕግ ነው። እንዲህ ያለው ሕግ እስኪጸና ድረስ የቀረልኝ አንድ ነገር፣ ስሙን የማልጠራውን የዚያን ክሊኒክ መዝገብ በዚህ ገጽ ላይ ማረም ነው። በግራ ክንድ ላይ አራት ጥልቅ ጭረቶች። ጉዳቱን ያደረሰው እንስሳ፦ አቦ ሸማኔ፣ ወንድ፣ ከአንድ ዓመት ያነሰ፣ የኋላ እግሮቹ የተጣመሙ። ያደረሰው ሰው፦ የቤቱ ጌታ።